እግዚአብሔር አገር ቤት ብቻ ነው ያለው?

ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን «እዚህ ለጊዜው ነው» ማለት እንወዳለን። ቤት ስንከራይ ለጊዜው ነው፤ ሥራ ስንይዝ ለጊዜው ነው። አንዳንዶቻችን ልጅ ወልደን፣ አሳድገን፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ካስመረቅን በኋላም አባባሉን አልተውነውም። በራሱ ክፋት የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው እምነታችን ውስጥ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ ንስሐውም «አገር ስገባ» ተብሎ ይቀጠራል። አገር ቤት ላሊበላ አለ፣ ግሸን ማርያም አለች፣ ቁልቢ ገብርኤል አለ፤ እዚህ ያለው ደግሞ ወደብ፣ መጋዘንና ሙቀት ነው። እግዚአብሔር እዚያ ቀርቶ እኛ ብቻችንን ድንበር የተሻገርን ይመስለናል።

አባቶቻችን ስለ እግዚአብሔር ሲያስተምሩ «ምሉዕ በኩለሄ» ይሉታል። በግእዝ በሁሉም ቦታ የሞላ ማለት ነው። ቃሉን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን «ሁሉም ቦታ» ሲባል ነፃ የንግድ ቀጠናውን፣ የኮንቴይነር መደርደሪያውን፣ የከባድ መኪና ጋቢናውን የሚጨምር ሆኖ አይታየንም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚናገረው እንዲህ ስላሉ ቦታዎች ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ መንገድ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ አደረ፤ ሲነቃ የተደነቀው እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንዳለ ሳያውቅ መተኛቱ ነው (ዘፍጥረት 28)። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናነበው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ትምህርቱ የተገለጠለት ሊሰግድ በሄደበት በኢየሩሳሌም ሳይሆን ሲመለስ፣ በምድረ በዳ መንገድ፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ነው። ያ ሰው የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ የሂሳብና የንብረት ኃላፊ ልንለው እንችላለን። የእኛን ወላጆች ሥራ የሚመስል ሥራ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን ዮሴፍ ነው። በሰው አገር የሚኖር፣ የሌላ ሰው ንብረት የሚቆጣጠር፣ በኋላም የአንድ አገር ጎተራ የተረከበ። በዘፍጥረት 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደነበረ ደጋግሞ ተጽፏል፤ በጲጥፋራ ቤት ሳለ፣ በሐሰት ተከስሶ ወኅኒ ከወረደ በኋላም። ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ በጥንቃቄ እንድታነቡ እመክራለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ ዮሴፍ ገና እስር ቤት ነው። እግዚአብሔር አብሮት አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። የረዳው የጠጅ አሳላፊ እንኳ ረስቶት ሌላ ሁለት ዓመት ቆይቷል።

ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን አብሮነት የምንለካው ነገር በመከናወኑ ነው። ዲክላራሲዮኑ ቶሎ ካለቀ እግዚአብሔር አለ፤ ዕቃው ከታሰረ የለም። ፒኬ 12 አካባቢ ጭነት ሲጠብቅ የሚከርም ሹፌር፣ ውሉ ይታደስ አይታደስ ያላወቀ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሰው ቤት ሠርታ ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ እኅት፣ ሁሉም ይህን ሚዛን ያውቁታል። መጠበቅ ከባድ ነው፤ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሐምሲን ሲነፍስ ሰው የሚጸልይበት ትዕግሥት እንኳ ያልቅበታል። የዮሴፍ ታሪክ መጠበቁን ቀላል አያደርገውም። የሚነግረን መጠበቅና መተው የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

አሁን ወደ ጸጋ እንምጣ። ጸጋ የሚለው ስም «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ ሰጠ፣ በቸርነት ለገሠ ማለት ነው። በንግድ ከተማ ለሚያድግ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላልም ከባድም ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የተመረቀውን ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር ነው፣ ዕቅዱ ሲጠናቀቅ 4,800 ሄክታር ይደርሳል ተብሎ የተጀመረ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ከቻይና ወይም ከዱባይ የመጣ ዕቃ ቀጠናው ውስጥ ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ እንደገና ይታሸጋል፤ በአጥሩ ውስጥ እስካለ ቀረጥ አይከፈልበትም። ወደ አገር ውስጥ ገበያ ወይም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ጉምሩክ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ጸጋ «ቀረጥ ነፃ» ነው ማለት ይቻላል? ልጆች እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግማሹ ልክ ነው። ጸጋን የሚቀበል ሰው በሥራው ብዛት ገዝቶ አልተቀበለውም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ይህን በግልጽ ያስተምራል። ግማሹ ግን ይስታል። ከቀረጥ ነፃ በሆነ ዕቃ ማንም ምንም አልከፈለም፤ የክርስቲያን እምነት ግን ጌታችን በመስቀል ላይ ከፍሎልናል የሚል ነው። ስለዚህ ጸጋ የሚመስለው፣ ባለቤቱ መክፈል ያቃተውን ዕቃ ሌላ ሰው ሙሉ ቀረጡን ከፍሎ፣ ደረሰኙን በባለቤቱ ስም አስቆርጦ ሲያስለቅቅለት ነው። ደግሞም አጥር የለውም፤ እዚህ ሠርቶ ድንበሩን ሲሻገር የሚቋረጥ አይደለም። ያም ሆኖ የተለቀቀ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንዲበሰብስ አይለቀቅም። ጳውሎስም እዚያው ቀጥሎ የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ እንደሆነ ይናገራል።

ስለ ስለት እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ ተነሥተው ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚሄዱ ወገኖቻችን አሉ፤ ስለት ይዞ መሄድ የምስጋና መንገድ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጣለሁ፣ ካላደረግህልኝ ተለያየን» የሚል ልብ ከተያዘ ነገሩ ስለት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል። እግዚአብሔር የሚጎድለው ነገር የለም፤ ጥላ አይሸጥለትም። በጸጋው መታመን ማለትም ሳንከፍለው በፊት እንደወደደን አውቆ መለመንና ማመስገን ነው። በእርሱ የሚታመን ነጋዴም ሚዛን አያጭበረብርም፤ የትራንዚት ሠራተኛም በሰነድ ላይ ያልሆነውን አይጽፍም። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ማሳበቢያ ሲሆን ሰምተናል፤ ትርጉሙ ግን ያያል ማለት ነው።

በየቀኑ እንዴት ይለመዳል? በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ በሚገኝ ገዳም ሎረንስ የሚባል መነኩሴ ለብዙ ዓመታት ወጥ ቤት ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1691 ሲያርፍ ያስተማረው ትምህርት በአጭሩ ድስት ሲያጥብም እንደ ጸሎት ሰዓቱ እግዚአብሔርን ማሰብ እንደሚቻል ነበር። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍላዋለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባት መንፈቀ ሌሊትን ከማንም በተሻለ ነቅቶ ያገኘዋል። ኮንቴይነር እስኪነሣ ቆሞ «አቤቱ ማረኝ» ለማለት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሙስሊም የሥራ ባልደረቦቻችን አዛን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ሲሰግዱ እናያለን፤ እኛም በዚያች ሰዓት ልባችንን ብናነሣ ማንም አይከለክለንም።

ምስጋናም ይለመዳል። እዚህ የምናበራው መብራት በከፊል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ መስመር የሚመጣ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ውኃ ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ በቧንቧ ይመጣል። ማብሪያውን ስንጫን ግድቡን አናይም። ልጆች ማታ ከመተኛታቸው በፊት በዕለቱ ሳይታዩ የደረሱላቸውን ሦስት ነገሮች ቢቆጥሩ ጥሩ ልምምድ ይመስለኛል፤ አንዱ ቢያንስ የሰው ስም ይሁን።

ከተማሪዎች ደጋግሞ የሚቀርበው ጥያቄ ስለ እሑድ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ዕረፍቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ ሥራ አለ። «አባቴ እሑድ ቅዳሴ ሳይደርስ ወደ መጋዘን ሲሄድ እግዚአብሔር ይቆጣል?» ይላሉ። እሑድ በሮም መንግሥት የዕረፍት ቀን እንዲሆን ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ321 ነው። ከዚያ በፊት ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ እሑድ ለክርስቲያኖችም የሥራ ቀን ነበር፤ በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ የሮም አገረ ገዥ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰቡ እንደነበር ተመልክቷል። እኛም ከእነርሱ ብዙ አንርቅም። አባትህ ፈረቃው የሚፈቅድለትን ሰዓት ከንስሐ አባቱ ወይም ከአገልጋዩ ጋር ይመካከር፤ በማይችልበት እሑድ ደግሞ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ አብሮ ይጸልይ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ትንሹ ልጅም ይቀስቀስ።