አሮጌዋ ብስክሌት ዳገቱን እንድትወጣ

የእሽቅድድም ብስክሌትዎ አርጅታ ዳገት ላይ ጉልበትዎን ብትፈትን አይጣሏት፤ መድኃኒቷ ሁለት ነው።

አንደኛው ማርሽ ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 42፣ የኋላው ትልቁ 24 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 1.75 ጊዜ ይዞራል። የኋላውን በ28 ጥርስ ቢለውጡት ግን 1.5 ጊዜ ብቻ ይዞራልና ፍጥነቱ ቢቀንስም ጉልበትዎ ይተርፋል። ሰንሰለቱም ረዘም ማለት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። በባለ 27 ኢንች ቸርኬ ላይ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ዛሬ የተለመደው 700 ሲ ግን 622 ነው። ስለዚህ ቸርኬውን ሲለውጡ የፍሬኑ ላስቲክ ወደ መሐል 4 ሚሊሜትር ይውረድ። ይህ ከተዘነጋ ላስቲኩ ጎማውን እየፋቀ ቁልቁለት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

እንግዲህ ዳገቱን ከመውጣትዎ በፊት ቁልቁለቱን ያስቡ!