ድጋምና አርምሞ

በጃፓን አገር፥ ከጥንታዊቷ የነገሥታት መዲና ከኪዮቶ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ሂዬ የሚባል ተራራ አለ፤ በዚህም ተራራ ላይ ሳይቾ የተባለው መነኩሴ በ788 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የመሠረተው ታላቁ የኤንርያኩ ገዳም ይገኛል። በገዳሙ ምዕራባዊ ክፍል መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት የእንጨት አዳራሾች ጎን ለጎን ቆመው፥ ጣራ ባለው መተላለፊያ ተያይዘዋል፤ ከሁለቱም አንዱ ዘወትር እየተራመዱ ለሚጸልዩ የተለየ ነው። ጥንታዊው ሥርዓት እንደሚያዝዘው ወደዚህ ሱባኤ የሚገባው መነኩሴ 90 ቀን ሙሉ የአሚዳ ቡድሃን ምስል እየዞረ፥ ስሙን በአፉ እየጠራ በልቡም እያሰበ፥ ሳይቀመጥና ሳይተኛ ይሰነብታል፤ ድካም ባሸነፈውም ጊዜ ወደ እንጨቱ መደገፊያ ተጠግቶ ጥቂት ያርፋል እንጂ ጎኑን ከመሬት አያሳርፍም። በዚሁ ተራራ ላይ ሌላው መነኩሴ ደግሞ እንዲሁ 90 ቀን ብቻውን ተቀምጦ፥ አንደበቱን ዘግቶ፥ በአርምሞ ይቆያል።

እነዚህን ሁለት መንገዶች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያኖራቸው ከ538 እስከ 597 ዓ.ም. የኖረው ጂዪ የተባለው የቻይና መምህር ሲሆን፥ ይህን ትምህርቱን በ594 ዓ.ም. በቃል ሲያስተምር ደቀ መዝሙሩ ጽፎ አቈይቶታል። በዚያም ትምህርት ውስጥ አንባቢ በቀላሉ የሚያልፋት፥ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት ብዬ የማምንባት አንዲት ፈቃድ አለች፤ ይኸውም ለአርምሞ የተቀመጠው መነኩሴ ድካም ወይም ሕመም ወይም እንቅልፍ ባስቸገረው ጊዜ የአንድ ቡድሃን ስም በድምፅ እንዲጠራ መፈቀዱ ነው። ድምፅ ለዝምታ ምርኩዝ ሊሆን እንደሚችል ጥንታውያኑ በረዥም ልምድ ደርሰውበት ነበር ማለት ነው፤ በዘመናችን ያሉ ሐኪሞችና የአንጎል ተመራማሪዎች በመሣሪያ ሊለኩት የሚደክሙትም ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ከዚሁ ተራራ ተምረው የወረዱት መምህራን ሁለቱን መንገዶች ለያዩአቸው። ሆኔን በ1175 ዓ.ም. የአሚዳን ስም መጥራት ብቻውን ለመዳን ይበቃል ብሎ ለገበሬውም ለዓሣ አጥማጁም ሰበከ፤ ኒቺሬን በ1253 ዓ.ም. «ናም ምዮሆ ሬንጌ ክዮ» የሚለውን ድጋም ማስተማር ጀመረ፤ ዶጌን ደግሞ ወደ ቻይና ተሻግሮ ከተመለሰ በኋላ ከምንም ነገር ይልቅ በጸጥታ መቀመጥን አስተማረ፤ በ1231 ዓ.ም. በጻፈውም ድርሳን ምላሳቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች በሩዝ ማሳ ውስጥ ሌት ተቀን ከሚጮኹ እንቍራሪቶች ጋር አመሳሰላቸው። ንግግሩ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ በ1244 ዓ.ም. በመሠረተው በኤይሄይ ገዳም የሚኖሩት መነኮሳት ከዝምታው መቀመጫ ተነሥተው፥ በዓሣ አምሳል ተፈልፍሎ የተሠራውን የእንጨት ከበሮ እየመቱ፥ 262 የቻይና ፊደላት የሚቈጠሩበትን «የልብ ሱትራ» የተባለውን ቅዱስ ጽሑፍ በኅብረት ሲደግሙ ይሰማሉ፤ ይህም የመምህራን ክርክርና የገዳም ኑሮ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ እንደማይሄዱ ያስረዳል።

እንግዲህ ድጋም በሰውነት ላይ የሚሠራውን ለመረዳት ከሃይማኖቱ ትርጓሜ በፊት እስትንፋስን መመልከት ይገባል። የሰው ድምፅ የሚፈጠረው አየር ከሳንባ ወደ ውጭ ሲወጣ ስለሆነ፥ የሚደግም ሰው ሳያውቀው አየር የሚያወጣበትን ጊዜ ያስረዝማል፥ የሚያስገባበትንም ያሳጥራል፤ እስትንፋሱን የሚመትርለትም የገዛ ፈቃዱ ሳይሆን የቃሉ ርዝመት ነው። ከአገራችን ምእመናን መቁጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦታ የሚያደርስ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። አየር ስናስገባ የልባችን ምት ጥቂት ይፈጥናል፥ ስናወጣ ጥቂት ይዘገያል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲሆን፥ የዚህ ነርቭ ሥራ በይበልጥ የሚገለጸው አየር በሚወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አወጣጡን ያስረዘመ ሰው ለልቡ የዕረፍት ጊዜ ጨመረለት ማለት ነው።

በኢጣልያ አገር በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቻቸው በ2001 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነገሩን በቍጥር ስላሳየ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ 23 ጤነኛ ሰዎችን መርጠው አንድ ጊዜ የካቶሊካውያንን የማርያም ጸሎት በላቲን ቋንቋ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ የተለመደውን «ኦም ማኒ ፓድሜ» ብሎ የሚጀምረውን የሳንስክሪት ድጋም አስደገሟቸው፤ በዚያውም ጊዜ እስትንፋሳቸውን፥ የልባቸውን ምትና የደማቸውን ግፊት ለኩ። በሃይማኖትም በቋንቋም የማይገናኙት ሁለቱ ጸሎቶች በአንድ ነገር ተገናኝተው ተገኙ፤ ሁለቱም የሰዎቹን እስትንፋስ በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ገደማ ዝቅ አደረጉት። ያለ ሥራ የተቀመጠ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል እንደሚተነፍስ ስናስብ፥ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

በደቂቃ 6 ጊዜ መተንፈስ ማለት አንዱ እስትንፋስ 10 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የደም ግፊታችንም ከራሱ ተፈጥሮ በ10 ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚልበት የማይታወቅ ማዕበል አለው፤ እስትንፋስና ይህ ማዕበል በአንድ ልክ በተጓዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን እያበረታ የልብና የደም ሥር ምት ሁሉ በኅብረት ይወዛወዛል። በአንገትና በደረት ታላላቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሆነው ግፊቱ ከፍ ሲል ልብን «ቀስ በል»፥ ዝቅ ሲልም «ፍጠን» የሚሉ ስሱ ነርቮች አሉ፤ እነዚህ ነርቮች ለግፊት ለውጥ የሚሰጡት ምላሽ ምን ያህል ፈጣንና ብርቱ እንደሆነ የሚያሳየው መለኪያ በጥናቱ ከ9.5 ወደ 11.5 ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዚህ ምላሽ መዳከም የልብ ሕሙማንን ዕድሜ ከሚያሳጥሩ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ሐኪሞች መጨመሩን በበጎ ይመለከቱታል። ከዚህም የምንረዳው በዚህ ረገድ ድጋም የሚሠራው በቃሉ ትርጓሜ ሳይሆን በርዝመቱና በምቱ መሆኑን ነው፤ ላቲንም ቢሆን ሳንስክሪትም ቢሆን ልብ ልዩነቱን አልለየም።

ታዲያ ቃሉ ራሱ ከንቱ ነውን? አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሚዳን ስም መጥራት የለመዱ 21 ቡድሂስቶችን ሰብስበው አስፈሪና አስጨናቂ ሥዕሎች ያሳዩአቸው ነበር፤ በዚያም ጊዜ አንድ ጊዜ የቡድሃውን ስም፥ አንድ ጊዜ የገና አባትን ስም እንዲደግሙ፥ አንድ ጊዜም ምንም ሳይደግሙ እንዲመለከቱ አደረጉ። አስፈሪ ነገር ያየ አንጎል ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ ነገሩን እያወጣ እያወረደ የሚቆይበት ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምላሽ አለው፤ ይህ ሁለተኛ ምላሽ የቡድሃው ስም በተጠራ ጊዜ ሲቀንስ የገና አባት ስም ግን ያን ያህል አልፈየደም። በእኔ አስተያየት ይህ ጥናት ከፓቪያው ጋር አይጋጭም፤ እስትንፋስ ልብን ሲያሳርፍ፥ በእምነትና በልምድ የከበረው ስም ደግሞ አእምሮን ከፍርሃት ይመልሳል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2015 ዓ.ም. እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ተመስጦ ለምደው የማያውቁ ሰዎችን በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው አንድ የዕብራይስጥ ቃል በልባቸው ብቻ እንዲደጋግሙ አድርገው ነበር፤ በዚህም ጊዜ ሰው ሥራ ፈትቶ ስላለፈውና ስለሚመጣው ሲያወጣና ሲያወርድ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች ረግበው ታዩ። ድምፅ የሌለው ድጋም እንኳ የሚባዝነውን ሐሳብ ይሰበስባል፤ በታይላንድ ጫካ የሚኖሩት መነኮሳት አየር ሲያስገቡ «ቡድ»፥ ሲያወጡ «ዶ» እያሉ በልባቸው የሚደግሙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አርምሞ በሌላ በር ይገባል። በጸጥታ የተቀመጠው መነኩሴ እስትንፋሱን አያዝዝም፥ ይመለከተዋል እንጂ፤ ሐሳቡ በኮበለለ ቍጥር መኰብለሉን አውቆ መመለስ ሥራው ሁሉ ነው፤ የሚይዘው ዜማ፥ የሚቈጥረው ቃል የለውም። በ1966 ዓ.ም. ካሳማትሱና ሂራይ የተባሉት የጃፓን ሐኪሞች በጸጥታ መቀመጥን የሚያስቀድመው የዜን ወግ ካህናትና ደቀ መዛሙርት የሆኑ ባጠቃላይ የ48 ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ለክተው፥ ዓይናቸው ሳይከደን የዕረፍት ምልክት የሆነው አልፋ የተባለው ሞገድ እንደሚበረታ፥ ብዙ ዓመት በቆዩትም ላይ ይበልጥ የዘገየው ቴታ እንደሚታይ ጻፉ። በዚያው ጥናት አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግመው ሲያሰሙ ሌላው ሰው ወዲያው ለምዶት ሲተወው፥ የዜን መምህራን አንጎል ግን እያንዳንዱን ድምፅ እንደ አዲስ ተቀበለው ተብሎ ነበር፤ ይህ የመጨረሻው ውጤት በኋላ በተደረገ ምርመራ ስላልተደገመ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መጥቀስ ተገቢ አይደለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በ2004 ዓ.ም. ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት በተመስጦ ያሳለፉ 8 የቲቤት ወግ ተከታዮች በጸጥታ ርኅራኄን በኅሊናቸው ሲያሳድሩ፥ ጋማ የተባለው ፈጣን ሞገድ ከጀማሪዎቹ እጅግ በላቀ ኀይልና ኅብረት እንደሚነሣ አሳዩ።

እነዚህን ቍጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያስተውላል፤ የድጋም ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ በደም ሥር ላይ ሲታይ፥ የአርምሞ ፍሬ ግን በሺህ በሚቈጠሩ ሰዓታት ይለካል። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ከዚህም በላይ ዕድሜውን ሙሉ በጸጥታ ለመቀመጥ የመረጠ ሰው አንጎሉ ቀድሞውኑ ከሌላው የተለየ እንደነበረ ወይም በልምምድ እንደ ተለወጠ በአንድ ጊዜ ልኬት መለየት አይቻልም። የሚያስፈልገው ጥናት ተመሳሳይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱን ወገን በድጋም ሌላውን በአርምሞ ለዓመታት አቈይቶ የሚያወዳድር ነው፤ ያ እስኪሆን ድረስ ከሁለቱ አንዱ እንደሚበልጥ ሳይንስ አረጋግጧል የሚል ሰው ካገኘው ማስረጃ አልፎ ተናግሯል። ለጀማሪ ግን፥ ሐሳቡ እየተበተነ ለሚያስቸግረው ሰው፥ ከድምፅ ጀምሮ ወደ ዝምታ መሄድ እንደሚቀል የጂዪም ፈቃድ የፓቪያም ልኬት በአንድነት ይጠቁማሉ።