ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ዓባይ ላይ ወዳለው ሰባራ ድልድይ የሚወርድ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ቢነሣ ይሻለዋል። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ ዓባይ ግን የሚሄደው በቆላ ነው። ቁልቁለቱን ማንም ይወርደዋል። ጭንቁ ፀሐይ ገደሉን ካጋለች በኋላ ዳገቱን መመለስ ነው። ወይራው ከላይ ይቀራል፣ ግራር ይተካል፣ ነፋሱ ይሞቃል። መንገዱ ለጎብኚ ተብሎ የተጠረገ አይደለም። አህያውን ጭኖ ገበያ የሚሄድ፣ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ፣ ከወንዙ ማዶ የዳረውን ልጁን የሚጠይቅ ነው የሚመላለስበት።

ዓባይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወርዶ ጎጃምን ሲዞር በየቦታው አለት ጨምቆት ይጠባል። የዐፄ ፋሲል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ግንበኞች ሰባራ ድልድይን ለመሥራት የመረጡትም እንዲህ ያለውን ጠባብ ቦታ ነው። ጎጃምን ከበጌምድር በሚያገናኘው በዚህ ድልድይ ላይ ድንጋዩን አያይዞ ያቆመው ኖራ ነው፤ የኖራውም ታሪክ ከድልድዩ አያንስም።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከነበሩት ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች እንደምንረዳው፣ በኖራ መገንባት በአገሩ የተስፋፋው ከሕንድ የመጣ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ካገኘ በኋላ ነው። ሥራው አድካሚ ይሁን እንጂ ምሥጢር የለውም። ድንጋዩ ከአለቱ ተፈልጦ ይወጣል፣ በምድጃ ውስጥ ከእንጨት ጋር ተደርድሮ ይቃጠላል። ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሲደርስ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ይሄዳል። የተቃጠለው ድንጋይ ውኃ ሲፈስበት ይንፈቀፈቃል፣ እጅ እስኪፈጅ ይግላል፣ ተሰነጣጥቆም ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንቡ መካከል ከገባ በኋላ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ ይወስዳል፤ ይኼኔ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። የአገሬው ሰው እንቁላልም ተጨምሮበታል ይላል። ለዚህ ሁሉ ግንብ የሚበቃ እንቁላል ስንት ገበያ ዞረው አገኙ? እኔስ ለኖራው ምስጋናውን ብሰጠው ይቀለኛል። ዛሬም ሙገርን የመሰሉ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የቆሙት በዚሁ በዓባይ ተፋሰስ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ ነው።

ድልድዩን ዘመን አልጣለውም። ቅስቱ የተቆረጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፤ የጠላት ጦር እንዳይሻገር አርበኞች ሰበሩት ይባላል። ጣሊያን ወጣ፤ ክፍተቱ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ እንዳፈጠጠ ቆየ። ሰዉም መሻገሩን አልተወም። ከዚህም ከዚያም ጉልበተኞች ይሰለፋሉ፣ ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ እነዚያ ይለቃሉ እነዚህ ይጎትታሉ፣ እሱ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። አንድ ሰው የጨበጠውን ገመድ ቢለቅ የሚሆነውን መናገር አያሻም።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶውን ያየው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱን በብረት አስደፈነው። ዓባይ ግን በዋዛ የሚላቀቅ አይደለም፤ በ2005 ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ጠረገው። ከዚያ ወዲያ የተሠራው፣ በ2009 ያለቀው መሸጋገሪያ የተንጠለጠለ የኬብል ድልድይ ነው። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው፦ በውኃው መካከል ምሰሶ ስለሌለው የክረምት ሙላት የሚገፋው ነገር አያገኝም። አሮጌው ግንብ በስብራቱ እንዳለ ተትቷል። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ታሪኩን ማን በሲሚንቶ ይለጥፈዋል?

ጉልበቱ ለሞጣ ቁልቁለት የማይበቃ ሰው ታላቅ ወንድሙን አላታን ይይ። በሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ የተሠራው ይህ ድልድይ ያልተሰበረ ነው፤ ከጢስ ዓባይ ከተማ ጥቂት በእግር እንደተሄደ ይገኛል። ቅስቱን ተሻግሮ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፏፏቴ ፊት ለፊት ያደርሳል። እዚያ የሚሄድ ሰው ወሩን ይምረጥ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ አለቱ ራቁቱን የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በመስከረም ግን ለማመንጫውም ለፏፏቴውም ይተርፋል።