የአክቹዋሪ ሰንጠረዥና የጾሬ መዝገብ

አክቹዋሪ ዓረቦንና ጡረታ የሚተምነው ሰው በየዕድሜው የመሞት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ ነው። ቀመሩን ማንም ጎበዝ ተማሪ ከመጽሐፍ ይማረዋል። ከሁሉ የሚበልጠው የሙያው ዋቢ ግን የሞት ሰንጠረዥ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወጣው ከመዝገብ ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሊ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላውን ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሠራ። በ20 ዓመት መስመር ላይ 598 ሰዎች አሉ፤ በ21 ላይ 592 ይቀራሉ። ከመቶ ወጣት በዓመት አንድ ገደማ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ ለወጣቱ የ100 ሺህ ብር የአንድ ዓመት የሕይወት መድን፣ የድርጅቱ ወጪና ትርፍ ሳይታከል፣ 1 ሺህ ብር ገደማ ይፈጃል። ለ50 ዓመት ሰው ሃሊ ያሰላው ዓመቱን የመሻገር ዕድል 38 ለ1 ነው፤ ዓረቦኑ ከ2,500 ብር ያልፋል።

ሞት በወጉ በማይመዘገብበት አገር ግን አክቹዋሪው ሰንጠረዥ ይዋሳል። የሥነ ሕዝብ ሊቆቹ አንስሊ ኮልና ፖል ዲመኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሟቸው ሞዴል ሰንጠረዦች በ192 ሰንጠረዦች ላይ የቆሙ ናቸው፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ ናቸው። የአውሮፓ ገበሬ አሟሟት የእኛን ይመስላል ብሎ ማመን፣ በእኔ እምነት፣ ድፍረት ይጠይቃል። ሌላው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ዊልያም ብራስ የተሻለ መላ ዘየደ፦ እናትን «ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አሉ?» ብሎ መጠየቅና ከመልሱ የሕፃናትን ሞት ማስላት። ዕድሜ ሲጠየቅ 30፣ 40፣ 50 እያሉ ማጠጋጋት በለመደ ሕዝብ ዘንድ ይህ ጥያቄ ዋጋው ትልቅ ነው።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስደተኞች ከዚህ ውጭ ነበሩ። ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባምባሲ መጠለያ የስደተኞች ምዝገባ ተከፈተ። ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች የሚኖሩበት፣ በአሶሳ አካባቢ ያለው የጾሬ መጠለያም በዚሁ ምዝገባ ይሸፈናል። እዚያ የሚሞት አዛውንት ዕድሜው፣ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍለታል፤ አክቹዋሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቀዳዳው ያለው በሕፃናቱ ዕድሜ ላይ ነው። አዋጁ ልደትን በ90 ቀን፣ ሞትን በ30 ቀን አስመዝግቡ ይላል። በተወለደ በሁለተኛ ሳምንቱ ያረፈ ሕፃን ልደቱ ገና አልተጻፈምና ሞቱም ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመርም በዚያው ልክ ይሳሳታል። መዝገብ ተከፍቶም ቢሆን ታዲያ የብራስ ጥያቄ ከእናቶች ደጅ አይጠፋም።