ከዝሆኔ ጋር እየኖሩ ከሰው አለመለየት

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ወርቅና በአካባቢው ደጋ እግሩ ያበጠ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በተጠኑ ቀበሌዎች ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 ሰው ሦስት ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት ማለታቸው ነው።

አፈር እንዴት እግር ያሳብጣል? የደጋው አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ድንጋዩ በብዙ ዘመን ዝናብ ሲበሰብስ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይወጡበታል። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ሲያርምና ከብት ሲጠብቅ ቅንጣቶቹ በእግሩ ቆዳ ይገባሉ። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ፣ ትርፍ ፈሳሽ እየሰበሰቡ የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ የሊምፍ ቱቦዎች ይባላሉ። ቅንጣቶቹ እነዚህን ያቆስሉና ይዘጋሉ። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ላይ ይቀራል።

ታዲያ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ ኖሮ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል? አንዳንድ ሰው ለዚህ አፈር ሰውነቱ ቶሎ የሚቆጣ ሆኖ ይወለዳል። በዘር የሚወርደው ይህ ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። እናቱ የታመመች ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና አፈር ካልነካው እግሩ አያብጥም። ስለዚህ «የዚያ ቤት ልጅ ነው» ብሎ ጋብቻ መከልከል መሠረት የለውም።

ከሰው ወደ ሰውስ ይተላለፋል? በጭራሽ። የሚያመጣው ጀርም አይደለም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ አልጋ በመተኛት፣ የታማሚውን ጫማ በማድረግም አይይዝም። እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው ከሕመሙ ይልቅ በሰው ማግለል ስለሚጎዳ ነው። ከሠርግ የሚቀር አለ፤ ትምህርቱን ያቋረጠ አለ፤ ቅዳሴ ከውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ አለ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ዋናው መሣሪያ የመታጠቢያ ሳፋ ነው። በየቀኑ፣ ቢቻል ማታ ከሥራ መልስ፣ እግርዎን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይጠቡ። በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ያለውን አይርሱት፤ ቁስልና መጥፎ ሽታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ እግርዎን ዘፍዝፈው ይቆዩ። የበረኪናውን መጠን የጤና ባለሙያ ይለካልዎት፤ ሳይበጠበጥ ከነካዎት ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ያድርቁና ቫዝሊን ይቀቡ። የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም በር ነውና ቫዝሊኑ ያን በር ይዘጋል። ባለሙያ ካሳየዎት በፋሻ ይጠቅልሉ። ሲቀመጡም ሲተኙም እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ጠዋት ካልሲና ሽፍን ጫማ አድርገው ይውጡ። በጊዜ ከተጀመረ እብጠቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ከቆየም እየቀነሰ ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱስ? ጫማዎን ደጃፍ ላይ አውልቀው ካልሲዎን ያስቀሩ። ቤት ሲመለሱ ይታጠቡ። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ሳሙናውን አያቋርጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አንዳንድ ቀን እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ብሽሽት ያብጣል። በሽታው ተነሣ የሚባለው ይህ ነው። ያን ቀን ፋሻውን ይፍቱ፤ ይተኙ፤ እግርዎን ከፍ አድርገው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉበት፤ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ትኩሳቱ ከጸና ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እግርዎን አያስበጡ። በየቀኑ መታጠብ ይህን መነሣት ይቀንሳል፤ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እንክብካቤውን ያልጀመሩት በወር ሁለት ጊዜ ያህል ሲነሣባቸው፣ በየቀኑ የታጠቡት ግን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶላቸዋል።

ወጪው ምንድን ነው? ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ። እነዚህ ከየሱቁ ይገኛሉ። የሚከብደው ጫማው ነው፤ በጣም ያበጠ እግር ከገበያ ጫማ አይገባምና በልክ ማሰፋት ያስፈልጋል። ውኃውም ሌላ ወጪ ነው፤ ከምንጭ ለሚቀዳ ቤት ለአንድ እግር ሳፋ ሙሉ ውኃ መስጠት ቀላል አይደለም። ግን አለመታከም ይበልጥ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ወላይታ ዞን የወጣ ጥናት አንድ ታማሚ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል። ለገበሬ ይህ ግማሽ አዝመራ እንደማጣት ነው።

እጥበቱን መማር ቀላል ነው። ከባዱ በየቀኑ ሳያቋርጡ መቀጠል ነው፤ ብቻውን የሚታገል ሰው ይሰለቻል። በወላይታ ከ20 ዓመት በላይ በሠራው የሞሲ ፉት ማኅበር የተሻላቸው ታማሚዎች ራሳቸው አዲሶቹን ያስተምሩ ነበር፤ ሠልጥነው ጫማ የሚሰፉም ነበሩ። ከሁሉ የምወደው ይህን አሠራር ነው። የራሱን እግር ያሳነሰ ሰው የሚናገረውን ታማሚ ያምናል። በእናንተም ቀበሌ ሦስት አራት ታማሚዎች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ቢታጠቡ፣ ሳሙናና በረኪናም በእቁብ መልክ በጋራ ቢገዙ ወጪውም መሰልቸቱም ይቀላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጀመሪያ ላይ ጠርተው እንድታሳይ ይጠይቋት።

ልጅዎ ማታ ማታ እግሩን ካሳከከው፣ ካቃጠለው፣ ወይም ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ነገ አይበሉ፤ ጫማ አድርገውለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እግራቸው ያበጠ ጎረቤት ካለዎት ደግሞ ለቡና ይጥሯቸው፤ ከማኅበርም አይለዩዋቸው።