ተፈትቶ የሄደው ሮለር ኮስተር

የብረት ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በመዝናኛ ፓርክ ሰው አሳፍሮ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ባቡር፣ ከአንድ አገር ተነቅሎ ሌላ አገር ሲተከል፣ የሚጓዘው ብረቱ ብቻ ከሆነ የሚደርሰው የብረት ክምር ነው። «ዛምቤዚ ዚንገር»ን እንመልከት። የጀርመኑ አንቶን ሽዋርዝኮፍ የሠራው ይህ ማሽን በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ «ወርልድስ ኦፍ ፈን» የተባለው መዝናኛ ፓርክ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1997 ካገለገለ በኋላም ተፈትቶ ወደ ኮሎምቢያ ሄደ። በ1999 በኪንዲዮ ግዛት፣ በብሔራዊው የቡና ፓርክ ውስጥ እንደገና ሰው ማሳፈር ጀመረ። በአፍሪካ ወንዝ የተሰየመ ማሽን፣ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ቡና ወደሚዘከርበት ፓርክ መግባቱ ቡና ለሚያበቅለው የወላይታ አንባቢ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ጉዞውን ያስቻለው አሠራሩ ነው። የእንጨት ሮለር ኮስተር ቁራጭ በቁራጭ በቦታው ስለሚገነባ፣ ከማዛወር ይልቅ አዲስ መሥራት ብዙ ጊዜ ይቀላል። የብረቱ ግን ፋብሪካ ውስጥ ታጥፎና ተበይዶ ይመጣና በብሎን ይታሰራል፤ የታሰረ ደግሞ ይፈታል። ችግሩ እያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱ ጥምዝ ያለው መሆኑ ነው፤ ከቦታው በቀር የትም አይገጥምም። ባቡሩ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከታች በጎማ ያቅፈዋል፤ ዳገቱን ከወጣ በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። ዛምቤዚ ዚንገር ዳገቱን የሚወጣው እንደ ብዙዎቹ በሰንሰለት ተጎትቶ ሳይሆን፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት እየዞረ ነበር። ጥምዙ ሲሰላ ፍጥነቱም፣ በተሳፋሪው ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ተሰልቷል። የቁራጩ ቁጥር ከጠፋ ወይም ንድፉ ካልመጣ ያ ሁሉ ስሌት ጠፋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ወላይታ ሶዶ መጣ እንበል። መሠረቱ አይጓዝም፤ ኮንክሪቱ ለወላይታ ቀይ አፈርና ለስምጥ ሸለቆው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ አዲስ ይሰላል። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የተለመደ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱ የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በወጉ አይቀዘቅዝም። የአሜሪካም የኮሎምቢያም መብራት 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 50። ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ይህ ለወፍጮም ለውኃ ፓምፕም እኩል ይሠራል።

«ሌላው የጣለውን ለምን እንሸከማለን?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ልክ ነው፤ ብረት ይደክማል፣ ጫና ሲደጋገምበት በብየዳው ዙሪያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል። ሆኖም ስንጥቅ በቀለምና በማግኔት ይፈተሻል፤ ጎማ፣ ፍሬንና ብሎን ይለወጣሉ። እኔን ከዕድሜው ይልቅ የሚያስፈራኝ ታሪኩ ያልተጻፈለት ማሽን ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ የቱ ጋ እንደተበየደ ካልታወቀ ፍተሻው ራሱ ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሶዶ ከመዝናኛ የሚቀድም ብዙ ጉዳይ አለባት ለሚለኝም እስማማለሁ፤ ሮለር ኮስተር እንግዛ አላልኩም። ያገለገለ ማሽን ግን በየወርክሾፑና በየወፍጮ ቤቱ ይገባል፤ የሰው ሕይወት የሚሳፈርበት ማሽን የሚጠይቀው ጥንቃቄ ለእነርሱም መለኪያ መሆን አለበት። በወላይታ ዞን ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ሁሉ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ንድፉን፣ የጥገና መዝገቡንና የመለዋወጫ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ የዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ኮሌጅ ባለሙያ ይዛችሁ አስፈትሹ። ሻጩ ወረቀት የለኝም ካለ፣ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተደራደሩ።