«ገዢ» እና «ድብቅ» በዘር ውርስ ስያሜ

በዘር ውርስ ጥናት፣ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ተወርሶም የሚገለጠው ባሕርይ «ገዢ»፣ ከሁለቱም ካልተወረሰ የማይገለጠው «ድብቅ» ይባል። (በጾታ ክሮሞዞም የሚወረሰው ለብቻው የሚታይ ነው።) «ገዢ» ሹመት ሹመት ቢሸትም «ብርቱ» ከማለት ይሻላል፤ «ድብቅ»ንም «ደካማ» ማለት ያሳስታል። በፍራፍሬ ዝንብ የሚታወቀውን የቆልማማ ክንፍ ዘረመል እንመልከት። አንድ ቅጂ ብቻውን ክንፍን ያቆለምማል፤ ሁለት ቅጂ የወረሰችው ዝንብ ግን ሳታድግ ትሞታለች። ስለዚህ ሁለት ባለ ቆልማማ ክንፎች ሲዳቀሉ፣ በሕይወት ከሚተርፉት ልጆች ቆልማማዎቹና ባለ ቀጥ ክንፎቹ በ3 ለ1 ፈንታ በ2 ለ1 ይገኛሉ። ያው ዘረመል በክንፍ ቅርጽ ገዢ፣ በገዳይነቱ ድብቅ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ቅጽሉ የባሕርይ እንጂ የዘረመል አይደለምና፣ «ገዢ ዘረመል» ብሎ የሚተረጉም ሰው በየትኛው ባሕርይ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።